ከተከሳሹ ጎን ያለችው ወንበር

የፈረንጆቹ ኤፕሪል ሲገባ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሊ ግቢ፣ ስፕራውል የሚባለውን አደባባይ ወረቀት ሳይቀበሉ ማቋረጥ ዘበት ነው። ከሴዘር በር እስከ ባንክሮፍት መንገድ ግራና ቀኝ ጠረጴዛ ተደርድሯል። ስማቸው የተጻፈበትን ሰሌዳ ከፊትና ከኋላ ያነገቡ ወጣቶች አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ «ድምፅህን ሰጥተሃል?» ይላሉ። አንዱ የቤት ኪራይ ጉዳይ ይዟል፤ አንዷ በሌሊት ከቤተ መጻሕፍት ስለሚመለሱ ተማሪዎች ደኅንነት ትናገራለች፤ ሌላው ለክበባት በጀት ቃል ይገባል። በትልልቆቹ አዳራሾች ደግሞ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተወዳዳሪዎች መምህሩን አስፈቅደው ከፊት ይቆማሉ፤ ስማቸውንና ሐሳባቸውን በአንድ ትንፋሽ ተናግረው ወደ ቀጣዩ አዳራሽ ይሮጣሉ።

ምርጫው የተማሪዎች ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከ45 ሺህ በላይ ተማሪ ባለበት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ 20 ሴናተሮችንና አምስት የሥራ አስፈፃሚ ኃላፊዎችን ያስመርጣል። መራጩ ተወዳዳሪዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ፓርቲዎች አሉ፤ ድጋፋቸውን የሚሰጡና የሚነሱ ክበባት አሉ፤ ከ1871 ጀምሮ የሚታተመው «ዴይሊ ካሊፎርኒያን» የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣም ተወዳዳሪዎቹን ይፈትናል። ከአምስቱ ኃላፊዎች አራቱ ፕሬዚዳንቱና ሦስቱ ምክትሎች ናቸው። አምስተኛው የተማሪዎች ተሟጋች ይባላል። ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው።

ለአምስተኛው ወንበር የሚወዳደር ሰው በዚያ አደባባይ ላይ ችግር አለበት። ፕሬዚዳንት መሆን የሚፈልገው «ይህን አሠራሁ፣ ያንን አስቀነስኩ» ብሎ መዘርዘር ይችላል። ተሟጋቹ ግን የሠራው ሥራ ሁሉ የሌላ ሰው ሚስጥር ነው። ከመባረር የዳነው ተማሪ፣ ውጤቱ የተስተካከለላት ተማሪ፣ የገንዘብ ድጋፉ የተመለሰለት ልጅ፣ አንዳቸውም ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም። ድምፅ ከሚለምንባቸው ሰዎች መካከል ሥራውን በትክክል የሚያውቁት እነዚያው ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በሕዝብ ፊት ስለ እሱ ሊመሰክሩ አይችሉም።

ደብዳቤው

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በኢሜይል ነው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ማታ መኝታ ክፍሏ ሆና ስልኳን ስትከፍት ከተማሪዎች ሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤት የመጣ መልእክት ታገኛለች እንበል። የፈተና ወረቀትሽ ከሌላ ተማሪ ወረቀት ጋር ተመሳስሏል፣ ደንብ በመጣስ ተጠርጥረሻልና ቀርበሽ አስረጂ ይላል። ከሥሩ የደንቡ አንቀጾች ተዘርዝረዋል። ልጅቷ የመጀመሪያውን መስመር ካነበበች በኋላ የቀረውን ዓይኗ አያየውም።

በእንዲህ ዓይነት ሌሊት ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ መልእክቱን ዘግቶ እንዳልመጣ ይቆጥረዋል፤ ቀጠሮው ያልፍና ጉዳዩ እሱ በሌለበት ይወሰናል። ወይም ያንኑ ሌሊት ተቀምጦ ረጅም መልስ ይጽፋል፤ ያላጠፋውን ጨምሮ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የጓደኛውን ስም ያነሳል፣ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። የተሟጋቹ ጽሕፈት ቤት ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ገብቶ የሚያማክር ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ቀላል ነው፦ ዛሬ ምንም አትጻፊ፣ የቀረበብሽን ማስረጃ እንይ፣ ደንቡ ምን እንደሚል አብረን እናንብብ።

ጽሕፈት ቤቱን የሚመራው ተመራጩ ተሟጋች ነው፤ በሥሩ ጉዳይ የሚይዙ ተማሪዎች አሉ። ጠበቆች አይደሉም። የፖለቲካ ሳይንስ፣ የባዮሎጂ፣ የኮምፒውተር ተማሪዎች ናቸው፤ ሠልጥነው፣ ደንቡን አጥንተው፣ ከታላላቆቻቸው ሥር ሆነው ሥራውን የለመዱ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ሚስጥር ይጠበቃል። ሥራው በአራት ክፍል ተከፍሏል፦ የትምህርት ጉዳይ፣ የሥነ ምግባር ክስ፣ የገንዘብ ድጋፍና የነዋሪነት ጉዳይ፣ እንዲሁም አድልዎና ትንኮሳን የመሳሰሉ በዩኒቨርሲቲው ላይ የሚቀርቡ ቅሬታዎች።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማይገነዘቡት አንድ ነገር አለ። በወንጀል ችሎት ዳኛው ከጥርጣሬ በላይ ካላመነ አይፈርድም። በዩኒቨርሲቲው ችሎት ግን የሚጠየቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ማስረጃው «ሳይሆን አይቀርም» ወደሚለው ጎን ካዘነበለ ይበቃል። ስለዚህ «ማስረጃ የላቸውም፣ ምን ያመጣሉ» ብሎ ባዶ እጁን የገባ ተማሪ በቀላሉ ይሸነፋል። የድርሰቱን ረቂቆች፣ የኮምፒውተሩን የለውጥ ታሪክ፣ ከመምህሩ ጋር የተጻጻፈውን ይዞ የገባ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ለቀጠሮው የሚያዘጋጀው ሰው ያገኘ ተማሪና ብቻውን የገባ ተማሪ ሁለቱም ንጹሓን ቢሆኑ እንኳ እኩል አይታዩም። እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ እንድጽፍ የገፋፋኝ ይህ እኩል ያለመሆን ነው።

ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ ለእኛ ልጆች በተለይ ከብዷል። መምህራን የተማሪን ጽሑፍ ማሽን ጻፈው ወይስ ሰው ብለው የሚፈትሹባቸው መመርመሪያዎች ተስፋፍተዋል። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት እንዲህ ዓይነት መመርመሪያዎችን ወስደው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች አስነበቧቸው። መመርመሪያዎቹ በአማካይ 61 ከመቶ የሚሆኑትን «ማሽን የጻፋቸው» ሲሉ ፈረጁ። ሰው በእጁ የጻፋቸው ድርሰቶች ናቸው። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የለመዳቸውን ቃላትና የተማረውን የዓረፍተ ነገር ቅርጽ ይደጋግማል፣ መመርመሪያው ደግሞ የሚጠረጥረው ልክ ይህንን ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ሄዶ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ በዚህ ተከሶ ብቻውን ሲቀርብ፣ ጥናቱን የሚያውቅና ለሰብሳቢው የሚያሳይ ሰው ከጎኑ ቢኖር ትርጉሙ ትልቅ ነው።

የውጤት አቤቱታም የራሱ ወጥመድ አለው። መምህሩ የሰጠው ማርክ አነሰ ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፤ የመምህሩን የሙያ ፍርድ ማንም አይነካም። ደንቡ በር የሚከፍተው ውጤቱ ከትምህርት ውጭ በሆነ መመዘኛ ለምሳሌ በዘር፣ በፖለቲካ፣ በሃይማኖት፣ በጾታ የተወሰነ እንደሆነ፣ ወይም አሰጣጡ ተገቢውን ሥርዓት ያልተከተለ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ተሟጋቹ በቁጣ የመጣውን ተማሪ አስቀምጦ «የሚያስኬድህ የቱ ነው?» ብሎ መለየት አለበት። ብዙ ጊዜ መልሱ «የለም» ይሆናል። ይህን በአክብሮት መናገርም የሥራው አካል ነው።

ከኦክላንድ የመጣ ስልክ

ቴሌግራፍ የሚባለው ጎዳና ከኦክላንድ መሐል ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲወጣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን እያለፈ በርክሊ ግቢ ደጃፍ ላይ ያበቃል። በዚያ ጎዳና ላይ እንጀራ የሚበሉ፣ መኪና የሚነዱ፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወላጆች ትልቁ ሕልማቸው ልጃቸው የጎዳናው ጫፍ ላይ ካለው ግቢ እንዲገባ ነው። ሲገባ ደግሞ ያልጠበቁት ነገር ይገጥማቸዋል።

እናት ልጇ እንደከፋት ከድምፅዋ ታውቃለች። ስትጠይቃት «ምንም የለም እማዬ» ትላታለች። እናት ወደ ዩኒቨርሲቲው ትደውላለች፤ ስለ ተማሪዋ መረጃ መስጠት አንችልም ይሏታል። «ልጄ ናት እኮ! የምከፍለው እኔ ነኝ እኮ!» ብትልም ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ የትምህርት ማኅደሩ ባለቤት እሱ ራሱ ነው፤ እሱ ካልፈቀደ በቀር ጽሕፈት ቤቱ ለወላጅ በስልክ ዝርዝር አይናገርም። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ ጥፋት ሲከሰስ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ አጎት ይደውላል። እዚያ ይህ ሁሉ ተቆርጧል። ልጅቷ ለእናቷ መናገር አፍራለች፣ እናት መጠየቅ አልቻለችም። ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት የተመረጠ አንድ ተማሪ መኖሩን ስንቱ ወላጅ ያውቃል?

ገንዘቡ ደግሞ ከክሱ ያላነሰ ያስጨንቃል። የካሊፎርኒያ ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ ከመደበኛው ክፍያ በላይ በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ይጨመርበታል። ነዋሪ ለመባል ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ በግዛቱ ውስጥ መኖር፣ ለመኖር ማሰቡን በሰነድ ማሳየት፣ ወላጆቹ ነዋሪዎች ካልሆኑ ደግሞ በገንዘብ ራሱን መቻሉን ማስረዳት ይጠበቅበታል። አባቱ አዲስ አበባ፣ እናቱ ቨርጂኒያ፣ እሱ አክስቱ ዘንድ ኦክላንድ ያደገ ልጅ ቅጹ ላይ ምን ይጻፍ? እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የግዛቱ ሕግ በካሊፎርኒያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምረው ያጠናቀቁ ተማሪዎችን ከዚህ ጭማሪ ነፃ ያደርጋል። ይህን ሕግ የማያውቅ ተማሪ ግን የማይገባውን ከፍሎ፣ ወይም መክፈል አቅቶት ትምህርቱን ትቶ ሊሄድ ይችላል። የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ቅጽም የወላጆችን ገቢ ሲጠይቅ፣ ወላጆቹን ካየ ዓመታት ያለፈው ልጅ ፊርማ ከየት ያምጣ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በደንቡ ውስጥ መልስ አለ። መልሱ ያለበትን ገጽ የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው።

መብቱ ከየት መጣ

ተማሪ ሳይሰማ አይባረርም የሚለው መርህ ዛሬ ለአሜሪካ ተማሪ እንደ አየር የተለመደ ይመስላል። የተገኘው ግን አልባማ ውስጥ በተካሄደ ትግል ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1960 ከአልባማ ስቴት ኮሌጅ የመጡ 29 ጥቁር ተማሪዎች ሞንትጎመሪ ባለው የፍርድ ቤት ሕንጻ ምድር ቤት ወዳለው የነጮች ምግብ ቤት ገብተው ምሳ ጠየቁ። ተከለከሉ። ገዥው ጆን ፓተርሰን ኮሌጁ ተማሪዎቹን እንዲቀጣ ገፋፋ፤ የግዛቱ የትምህርት ቦርድም በሳምንት ጊዜ ውስጥ ዘጠኙን አባረረ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልጠየቃቸውም፤ በደብዳቤ ብቻ አወቁ።

ሴንት ጆን ዲክሰን የተባለው ተማሪና ጓደኞቹ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1961 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመንግሥት የሚተዳደር ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊያሳውቀውና ሊሰማው ይገባል ሲል ወሰነ። ከዚያ በፊት የነበረው አስተሳሰብ ኮሌጅ በወላጅ ቦታ ነው፣ ወላጅም ልጁን ለምን ቀጣህ አይባልም የሚል ነበር። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ቀጠሮ፣ የመከራከሪያ ዕድል፣ ሥሩ ሲቆፈር ከዚህ ውሳኔ ይደርሳል። የዘጠኙ ተማሪዎች መዝገብ በይፋ የተሰረዘው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

በርክሊ የራሷን ትምህርት ያገኘችው ከዚያ ውሳኔ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 መስከረም ዩኒቨርሲቲው ቴሌግራፍና ባንክሮፍት ከሚገናኙበት ደጃፍ ላይ የፖለቲካ ጠረጴዛ መዘርጋትን ከለከለ። ተማሪዎች እምቢ አሉ፤ ስምንቱ ታገዱ። በማግስቱ ጃክ ዋይንበርግ የተባለ ወጣት በጠረጴዛው ተይዞ ፖሊስ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ ተማሪዎች መኪናውን ከበው ስፕራውል ላይ 32 ሰዓት አቆሙት። ታሪኩ በዚህ ይታወቃል። ማርዮ ሳቪዮ ጫማውን አውልቆ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ መናገሩ፣ በታኅሣሥ አደባባዩ ላይ ባለው የስፕራውል ሕንጻ ውስጥ ከተቀመጡት 800 ያህል ሰዎች መታሰራቸው፣ ሁሉም በፎቶ ተቀርጿል።

እኔን የሚስበኝ ግን ማንም ፎቶ ያላነሳው ክፍል ነው። ስምንቱ ተማሪዎች እንዴት ታገዱ የሚለውን እንዲመረምር የመምህራን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አይራ ማይክል ሄይማን የተባሉ የሕግ መምህር ነበሩ። ኮሚቴው ተማሪዎቹን አስጠርቶ፣ ምስክር ሰምቶ፣ የአስተዳደሩን አሠራር ነቀፈ። የስድስቱ እገዳ እንዲነሳና መዝገባቸው እንዲጸዳ፣ የሳቪዮና የሌላ አንድ ተማሪ እገዳ ደግሞ በስድስት ሳምንት እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። እነዚያ ሳምንታት ያኔ አልፈው ነበር። ሄይማን በኋላ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆኑ። ያን ጊዜ የተማሪዎች ማኅበሩ ለብዙዎቹ ታጋዮች ልብ የሚሞላ ተቋም አልነበረም፤ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ከማኅበሩ ተገልለዋል፣ ማኅበሩም ከግቢው ውጭ ባለው ፖለቲካ አቋም እንዳይወስድ ታስሮ ነበር። ተማሪ ሲከሰስ ከጎኑ የሚቀመጥ ተመራጭ ኃላፊ የማኅበሩ አካል የሆነው በኋላ ነው። ከዚያ መከራ በኋላ የተተከለ በመሆኑ ክብደቱ ይታየኛል።

የማይነገረውን ይዞ መወዳደር

ወደ ምርጫው እንመለስ። በበርክሊ ልማድ የተማሪዎች ተሟጋች ከፓርቲ ነፃ ሆኖ ይወዳደራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የአንድ ፓርቲ ሰው ከሆነ የሌላው ፓርቲ ደጋፊ ሚስጥሩን ይዞ ደጁን አይረግጥም። ተወዳዳሪው ብዙ ጊዜ ከጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የወጣ፣ ጉዳይ ይዞ የቆየ ተማሪ ነው። በዚህም የተነሳ በብዙ ዓመታት ያለ ተፎካካሪ አሸንፏል።

ይህ አንዳንዱን ያሳስበዋል። ተፎካካሪ የሌለው ምርጫ ምርጫ ነው ወይ? ሥራው ሙያ ከሆነ ለምን በሹመት አይሰጥም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴ ግን የጸና ነው። በሹመት የሚመጣ ሰው ሿሚ አለው። ዩኒቨርሲቲው ከሾመው በዩኒቨርሲቲው ላይ አይቆምም፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከሾመው ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ሲከሰስ ወይም ፕሬዚዳንቱ የከሰሰው ሰው ሲመጣ እጁ ይያዛል። የተማሪው ድምፅ ያስቀመጠውን ሰው ግን ከወንበሩ ለማንሳት ተማሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምርጫው ከፉክክሩ በላይ የሚሰጠው ይህን ነፃነት ነው። ተፎካካሪ ቢኖርማ እሰየው፤ ጽሕፈት ቤቱ ለራሱ ሰዎች ብቻ የተዘጋ እንዳይሆን ይጠቅማል።

ታዲያ ተወዳዳሪው ምን ይናገር? ስም ሳይጠራ የሚናገረው አለው። ሠላሳ ተማሪ በአንድ ዓይነት ችግር ከመጣ ችግሩ የተማሪዎቹ ብቻ አይደለም፤ ደንቡ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው በማይነበብ ቋንቋ ተጽፏል፣ ቀነ ገደቡ በፈተና ሳምንት ላይ ወድቋል፣ ቅጹ ወላጆቹን ማግኘት ያልቻለውን ልጅ ግራ ያጋባል። ጥሩ ተሟጋች ከእያንዳንዱ ጉዳይ ስሙን አውጥቶ የቀረውን ይሰበስባል፤ ይዞት ወደ ደንብ አውጪዎች ይሄዳል። የምርጫ ንግግሩም መሆን ያለበት ይህ ነው፦ የትኛውን ደንብ፣ ለምን፣ በማን ፊት እንደሚያስለውጥ። «ለተማሪው እቆማለሁ» ተወዳዳሪ ሁሉ ይላል፤ ቁጥሩን ጠርቶ የትኛው አንቀጽ ተማሪውን እንደሚጎዳ የሚናገር ግን ሥራውን የሚያውቅ ነው።

ድክመቱም አይካድ። ተመራጩ የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነው፤ የራሱ ፈተና አለበት። በዓመቱ ይሄዳል፣ የተማረውን ይዞ ይሄዳል። ጠበቃ ስላልሆነ በእሱና በተማሪው መካከል ያለው ንግግር በሕግ እንደ ጠበቃና ደንበኛ ንግግር አይጠበቅም፤ ጉዳዩ ፖሊስ ያለበት ከሆነ «ጠበቃ ያዝ» ብሎ መላክ አለበት። ይህን ወሰን የማያውቅ ደፋር ተሟጋች ከሌለ ተሟጋች የከፋ ነው።

ስድስት ኪሎ

የእኛ አገር የተማሪ ምርጫ ታሪክ ሲነሳ ወዲያው የሚመጣው ጥላሁን ግዛው ነው። ጥላሁን በ1961 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ቀርቦ አሸነፈ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ ከስድስት ኪሎ ግቢ አቅራቢያ በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ወደ ግቢ ባመጡት ተማሪዎች ላይ ክቡር ዘበኛ ተኩሶ ተጨማሪ ሕይወት ጠፋ። ከዚያ አራት ዓመት ከአሥር ወር በፊት፣ የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡትም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችን በነፃነት ይደራጅ፣ ጋዜጣችን ይታተም ብለው ተነሱ፤ መልሱ ሞትና እስር ሆነ።

ይህን ታሪክ በክብር አነሳዋለሁ። ግን አንድ ነገር አስከትሏል ብዬ አምናለሁ። የተማሪ መሪ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው አገር የሚያናውጥ ተናጋሪ ብቻ ሆነ። በቀጠሮ ቀን ከአንድ ስሙ ካልታወቀ ተማሪ ጎን የሚቀመጠውን ሰው ማንም አልፈለገውም። የዛሬው የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ክርክርም በአብዛኛው ካፌ ላይ ያተኩራል፤ አይፈረድም። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለረጅም ዓመታት 15 ብር ነበር፣ ወደ 22፣ ከዚያም ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ በዚህ ዋጋ ሦስት ጊዜ ማብላት ምን ማለት እንደሆነ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል። የውኃው፣ የመብራቱ፣ የዶርሙ ጥያቄም እውነተኛ ነው።

ሆኖም በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የዲሲፕሊን ውሳኔ ከበርክሊውም ይከብዳል። አብዛኛው ተማሪ የሚመደበው በመንግሥት ነው፤ ከቤተሰቡ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይሆናል። አልጋው ከግቢው ነው፣ ምግቡ ከግቢው ነው። ከታገደ በአንድ ቀን መኝታውን፣ ካፌውንና ትምህርቱን ያጣል፤ በወጪ መጋራት ውል የፈረመው ዕዳ ግን አብሮት ይቀራል። ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ ከየት እንደሚያገኝ የሚጠይቀው የለም።

ኮሚቴው እንዴት ይቀመጣል? በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ደንብ በዲሲፕሊን ኮሚቴው ውስጥ የተማሪዎች ተወካይ እንዲኖር ያዛል። ይህ መልካም ነው፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም ተማሪዎች በአስተዳደሩ እንዲወከሉ ይፈቅዳል። ነገር ግን ወንበሩ የት ላይ እንዳለ እንመልከት። ተወካዩ የተቀመጠው ከመምህራኑና ከአስተዳደሩ ሰዎች ጋር፣ በሚፈርዱት ረድፍ ነው። ድምፅ ይሰጣል። ይቀጣ የሚለው ሊሆን ይችላል። ተከሳሹ ከፊት ለፊት ብቻውን ነው። እዚያ የተቀመጠው የመረጠው ሰው መሆኑን ያውቃል፤ አሁን ግን ዳኛው ነው። ተወካዩ ደግ ሰው ቢሆንም ክሱን ቀድሞ ለተማሪው ሊያስረዳው፣ መልሱን ሊያዘጋጅለት አይችልም፤ ዳኛ ሆኖ ይህን ቢያደርግ ስሕተት ነው። ስለዚህ ኅብረቱ በችሎቱ ውስጥ እያለ፣ ተማሪው ያለ ኅብረት ይቀርባል።

በሙግት ባህላችን ይህ እንግዳ ነው። በጥንቱ የ«በላ ልበልሃ» ክርክር አንደበተ ርቱዕ ያልሆነ ሰው ነገር አዋቂ ይዞ ይቀርብ ነበር፤ ዋስ ይጠራ ነበር፤ በዛፍ ሥር የተቀመጠው ሕዝብ ይሰማ ነበር። በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ችሎት ይህ የቀረበት ምክንያት የለም።

በዚህ ላይ የብሔር ጉዳይ አለ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሳው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥናታቸውን ትተው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ የኅብረት ምርጫ ውጤት ሲነገር ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው የተመራጩን ስም ነው፤ ከስሙ የትውልድ ቦታውን ይገምታል። በጸብ ተጠርጥሮ የተጠራ ልጅ ደግሞ በረድፉ ያሉትን ስሞች ቆጥሮ የሚፈረድበትን አስቀድሞ ያውቃል፣ ወይም ያወቀ ይመስለዋል። በርክሊ ለተሟጋቹ ከፓርቲ ነፃ መሆንን ልማድ ያደረገችበት ምክንያት እዚህ አሥር እጥፍ ይጠነክራል። እዚህ ለዚህ ወንበር የሚወዳደር ሰው ከሁሉ በፊት ማሳየት ያለበት ከማይመስሉት ተማሪዎች የሚታመን መሆኑን ነው፤ ይህ በፖስተር አይታይም። ቅስቀሳው ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት ዶርም ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በቡድን ሥራ ላይ የሠራው ነው የሚያሳየው።

እንዲህ ዓይነት ተወዳዳሪ ዛሬ በአንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቢነሳ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም። የዩኒቨርሲቲውን የሴኔት ደንብ ከሬጅስትራር ወይም ከተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ያንብብ፤ ስለ ዲሲፕሊን የሚናገሩትን ገጾች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ አስተርጉሞ በየዶርሙ ሰሌዳ ይለጥፍ። ክሱ ምን ያህል ቀን አስቀድሞ ሊደርሰው እንደሚገባ፣ ይግባኝ ለማን እንደሚባል፣ ምስክር ማምጣት እንደሚቻል የማያውቅ ተማሪ ብዙ ነው። ከዚያ በሚስጥር የሚያማክሩ፣ ከየኮሌጁ፣ ከየክልሉ፣ ሴትም ወንድም የሆኑ ተማሪዎችን ያሠልጥን። ሴት ተማሪ በመምህር ትንኮሳ ደርሶባት ወንድ ብቻ ወደተቀመጠበት ቢሮ እንድትገባ መጠበቅ ሥራውን ገና ሳይጀምሩት መዝጋት ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ያለበት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ነፃ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጡት መምህራንና ተማሪዎች ጋር ይተባበር፤ ፖሊስ ያለበትን ጉዳይ እነሱ ይያዙት።

የኮሚቴው ተወካይ ከረድፉ እንዲነሳ አልጠይቅም። እዚያ ያለው ድምፅ ይቆይ፤ ከተከሳሹ ጎን ግን ሌላ ወንበር ይጨመር። የተማሪዎች ተወካዮች በሴኔት መቀመጫ አላቸው፣ አጀንዳ ማስያዝም ይችላሉ። የሚያቀርቡት ማሻሻያ አንድ አንቀጽ ነው፦ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚቀርብ ተማሪ የመረጠውን አንድ ሰው ይዞ መቅረብ፣ ክሱንና ማስረጃውን ከዚያ ሰው ጋር ቀድሞ ማየት ይችላል፤ ሰው ካላገኘ የተማሪዎች ኅብረት የመረጠው ተሟጋች ይመደብለታል። በሚቀጥለው የኅብረት ምርጫ ለመወዳደር የሚያስብ ተማሪ ይህን አንቀጽ በፖስተሩ ላይ ያትመው፤ ካፌው ደጃፍ ቆሞ ሲያድል «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ለሚጠይቁት ሁሉ ለማስረዳትም ጊዜ ይኑረው።